የማይቸኩለው መጋዘን

ፋንታሁን ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ ከላንቃው ይጣበቅበታል። ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር፤ ሱዳን የስደተኞች ካምፕ ሆኖም፣ ኋላም ሜልቦርን መጥቶ ሆፐርስ ክሮሲንግ የሚባል ሰፈር ቤት ከያዘ በኋላም እንዲሁ። ሚስቱ የምሥራች «እሱ ዝም ብሎ ይበላል፣ ዝም ብሎ ይሠራል፤ እኔ ለሁለታችን አወራለሁ» ትላለች።

ሥራውም አፍ አይፈልግም። ላቨርተን ኖርዝ በሚባል ሰፈር አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይለቅማል። ጆሮው ላይ የሚያጠልቀው ማዳመጫ በእንግሊዝኛ «እዚያ መደርደሪያ ሂድ፣ ይህን ያህል ካርቶን አንሣ» ይለዋል። ያነሣና «ዳን» ይላል፤ ጨርሻለሁ ማለቱ ነው። ሺፍቱ እስኪያልቅ ከአፉ የምትወጣው ይህችው ናት። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ማን እንደፈጠነ፣ ማን እንደዘገየ ለሁሉም ያሳያል። ጠዋት የገባ ዕቃ ማታ ይወጣል። ያደረ ካለ ሱፐርቫይዘሩ ይቆጣል።

ዝምታው የከበደው ልጁን ኑሀሚንን ሲድር ነው። ሠርጉ ላይ «አባት ይመርቅ» ተባለ። ተነሣ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ላብ በአንገቱ ወረደ፣ ተቀመጠ። ከታዳሚዎቹ አንዱ ሽማግሌ፣ ጋሼ ብርሀነ፣ ቶሎ ብለው ተነሥተው «በአባት ቦታ ሆኜ» ብለው መረቁና ነገሩ ታለፈ። እሱ ግን ልጄን ሳልመርቅ ዳርኩ የሚለው ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ቀረ።

የኑሀሚን ባል ካለም ተወልዶ ያደገው እዚሁ ሜልቦርን ነው። አያቱ አንገስ ግን ስኮትላንድ ውስጥ፣ በአንዲት የገጠር ደሴት፣ ለዊስኪ ፋብሪካ በርሜል ሲሠሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ካለም በተወለደ ጊዜ አንድ በርሜል ዊስኪ በስሙ አስሞልተው አስቀምጠው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሆነው። «አሁን ባለትዳር ነው፤ ኑና ይከፈት» ብለው ቤተሰቡን ጠሩ። እንዲህ ሆኖ በ2016፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ፣ አራቱም ተነሥተው ሄዱ። ኑሀሚን ነፍሰ ጡር ነበረች።

ወደ ደሴቲቱ የሚወስደው መርከብ ላይ ኑሀሚን አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አያትየው በርሜሉ ሲከፈት ከሁለቱም ወገን ትልቅ ሰው ይናገር ብለዋል። ከእኛ አንተ ነህ።»

«እናትሽ አለች አይደል?»

«እማዬ ከጀመረች የመመለሻው መርከብ ያመልጠናል። ጋሼ ብርሀነም እዚህ የሉም።» ወደ እሱ ዞር አለችና «ደግሞ የእሳቸውን ምርቃት ሰምቼዋለሁ» አለች።

ፋንታሁን ባሕሩን እያየ ቀረ። ያቺ አጥንት ተንቀሳቀሰችበት።

ደሴቲቱ ከሰው በግ ይበዛባታል። መኪናውን የምትነዳው ኑሀሚን ናት፤ እሷ እንደሁ አትቀምስም። መጀመሪያ በደረሱበት ፋብሪካ ገብሱ ወለሉ ላይ ተሰጥቶ ይበቅላል። ፋንታሁን አንድ እፍኝ አነሣ፤ ሞቅ ይላል። አሸተተውና «ብቅል ነው» አለ፣ ለራሱ ያህል። የባሕር ማዶ ሰው ብቅል ያሰጣል ብሎ አስቦ አያውቅም። ብቅሉን የሚያደርቁት ከምድር ቆፍረው ባወጡት አፈር ነው፤ እንደ ኩበት ይነዳል፣ ጭሱም ወፍራም ነው። አፈር ሲነድ ቆሞ አየ። ሰው ጠርቶት እንኳ አልሰማም።

ሁለተኛው ፋብሪካ ውስጥ የመዳብ ጋኖች አሉ፤ ከጎጆ ይበልጣሉ። አንገታቸው ረጅም ነው፣ ገላቸው ያብረቀርቃል። አስጎብኚዋ ልጅ ስታወራ ፋንታሁን አንገቱን ቀና ሲያደርግ ባርኔጣው ወደቀ።

«ይሄ አንዱ ብቻ የመርካቶን አረቄ ጠጪ በሙሉ ያጠግባል» አለች የምሥራች።

«ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል» አላት።

«ቢሰሙኝስ፤ ባማርኛ እየተሳደብኩ መሰለህ? እያመሰገንኩ ነው።»

በነጋታው አንገስ ራሳቸው ወደ ሠሩበት ፋብሪካ መጋዘን ወሰዷቸው። እጃቸው እንደ አሮጌ ሥር የተጠማዘዘ፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። መጋዘኑ ባሕሩ አፍ ላይ ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ወለሉ አፈር፣ መስኮቱ ከእጅ መዳፍ ብዙ አይበልጥም። አንገስ በሩን ሲከፍቱት ቀዝቃዛ፣ ጣፋጭ፣ ያረጀ እንጨት የሚሸት አየር ወጣ። ውስጡ ጨለም ያለ ነው። በርሜሉ በርሜል ላይ ተደርድሮ ዓይን እስከማይደርስበት ይሄዳል። ካለም እንኳ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ፋንታሁን ደፉ ላይ ቆመ። ሳያስበው እጁ ወርዶ ጫማውን አወለቀ።

«ኧረ አንተ ሰውዬ» አለች የምሥራች በሹክሹክታ፣ «ቤተ ክርስቲያን መሰለህ?»

እሱም ያኔ ነቃ፤ አፈረ። መልሶ እንዳያጠልቅ ሁሉም እያየው ነው። አንገስ እግሩን አዩት፣ ካልሲውን አዩት። ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው በብብታቸው ያዙና መንገዱን አሳዩት።

በካልሲው እርጥቡን አፈር እየረገጠ ገባ። የእሱ መጋዘን ትዝ አለው፤ መብራቱ፣ ጩኸቱ፣ ስክሪኑ። እዚህ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። የሚቆጣም የለም። ገና አዲስ የሆነ አንድ በርሜል ላይ እጁን አሳረፈ።

«ኑሂ፣ ይሄ መቼ ነው የሚወጣው በያቸው።»

ኑሀሚን ጠየቀችለት። አንገስ ሳቁ። «ይህኛው? ባለፈው ሳምንት የተሞላ ነው። ሃያ ዓመት ይቀመጣል። እኔ ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

ሽማግሌው ጥያቄው ገርሟቸው ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉ። «ያኔ ለሚኖረው ነዋ።»

ፋንታሁን ይህን ሲሰማ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሰፋ። ለማያዩት ቀን፣ ለማያውቁት ሰው ደክመው አስቀምጠው፣ ደግሞ ይስቃሉ።

የካለም በርሜል ጥግ ላይ ነበር። አንገስ የጎኑን ውታፍ በእንጨት መዶሻ ግራና ቀኝ መታ መታ አድርገው አወጡት። ቀጭን ቱቦ አስገብተው ቀዱ፤ ዊስኪው የማር መልክ አለው። «ስንሞላው ሙሉ ነበር» አሉ። «ሠላሳ ዓመት እንጨቱና አየሩ ሲጠጡት ከግማሽ በታች ሆኗል። የቀረው ግን ያን ሁሉ ዓመት ሲጣፍጥ ነው የኖረው።» ስለ ልጅ ልጃቸው አጭር ነገር ተናገሩ። ከዚያ ሁሉም ወደ ፋንታሁን ዞሩ።

ምላሱ ተጣበቀ። ላቡ መጣ። የምሥራች ልትረዳው አፏን ስትከፍት ኑሀሚን ክንዷን ያዝ አደረገቻት። ፋንታሁን እስኪያስጨንቅ ድረስ ዝም አለ። ከበርሜሎቹ አንድም የቸኮለ የለም። ዝምታው እንደ ሠርጉ አዳራሽ ዝምታ አይደለም፤ ይጠብቃል እንጂ አይገፋም።

«ልጆቼ» አለ፣ ድምፁ ሻክሮ። «እግዜር አያቸኩላችሁ።»

«አሜን» አለች የምሥራች።

«ዕድሜያችሁ እንደዚህ በርሜል ይሁን። ቀኑ ሲጎድል ጣዕሙ ይጨመር።»

«አሜን።»

«ኑሂ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። የምትወልጂው እንደ እኚህ አባት ይሁን። ለማያየው ሰው የሚያስቀምጥ፣ አስቀምጦም የሚስቅ።»

«አሜን» አለች ኑሀሚን። ካለምም አለ። አንገስም ቋንቋው ሳይገባቸው፣ በራሳቸው አነጋገር «ኤሜን» ብለው አጎነበሱ።

ኑሀሚን የአባቷን ጉልበት ልትስም ስትል ሆዷ ከለከላት። ካለም በእሷ ፋንታ ዝቅ አለ፤ ሠርጉ ዕለት ያሳዩትን አልረሳም። አንዱን ጉልበት ስሞ፣ የሷን ድርሻ ደግሞ ሌላኛውን ሳመ። ፋንታሁን እጁን አናቱ ላይ አሳረፈ። ሌላ የሚጨምረው ቃል ፈለገ፤ ያለው ሁሉ ወጥቶ አልቋል። ሁሉም አሁንም ያዩታል። ምን እንደሚል ጠፋውና፣

«ዳን» አለ።

ኑሀሚን ሳቀች። በሁለት እጇ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ በርሜሉን ተደግፋ ሳቀች። ከዚያ ወደ በሩ ሄዳ ጫማውን አምጥታ ያዘችለት። እሱ ግን ገና ነው፣ አላጠለቀም።