ያልተቀመሰው ወይን ጠጅ

በጣሊያን ኮረብታማ አገር ወይን ጠጅና ምግብ እያስቀመሱ ያስጎበኙናል። ከአንድ ወይን ጠጅ ቤት ምድር ቤት በርሜሎች የሚወጣው የኮመጠጠ ሽታ ግን እኔን አገር ቤት፣ ቀራንዮ፣ አባቴ ቤት መለሰኝ።

ዘመኑ የጣሊያን ወረራ ነበር። አባቴ ታስሯል። አክስቴ ወንድማቸውን ለማስፈታት ጣሊያናዊውን የጣቢያ ሹም ከነአስተርጓሚው ቤታችን ጠርተው ጠጅ ጋበዙት። እንደ ደንባችን ከብርሌው መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና ሰጡት። ሹሙ ደስ ብሎት ጠጣ፤ እሱም በተራው ይዞት ከመጣው ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ ቀዳላቸው። አክስቴ አልተቀበሉም።

«መጀመሪያ እሱ ይቅመስ በለው» አሉት አስተርጓሚውን።

አስተርጓሚው ደነገጠ። «እትዬ፣ ይሄንንማ አልነግረውም! መርዘኛ ነህ ማለት እኮ ነው። ለወንድምዎ አያስቡም?»

«እኔስ መርዘኛ ሆኜ ነው የቀመስኩለት? የሚያጠጣ ይቀምሳል። በወንድሜ ቤት ደንብ አይፈርስም፤ ንገረው።»

ነገረው። ሹሙ አክስቴን ትክ ብሎ አያቸው። ብርጭቆውን ሳይቀምስ መደቡ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ብርጭቆውን ማንም ሳይነካው ሰነበተ፤ ቤቱም ያንን የኮመጠጠ ሽታ ያዘ። አባቴ አልተመለሰም። በዚያ ብርጭቆ የተነሳ ይሁን፣ ቀድሞውንም ተወስኖበት ይሁን፣ ካደግሁ በኋላ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ፤ የሚያውቅ አላገኘሁም። አክስቴን ግን አልጠየቅኋቸውም።

አሁን የወይን ጠጅ ቤቱ ሽማግሌ ጠርሙስ ከፈተ። በራሱ ብርጭቆ ትንሽ ቀድቶ ቀመሰ፤ ከዚያ ለእኔ ቀዳ።

የቀመሰውን እስኪውጥ ጠብቄ ጠጣሁ።