የሦስት አገር ዋንዛዎች

ቅዳሜ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከፒያሳ በሚኒባስ ወደ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ በርና ቁም ሣጥን የምሠራ አናጢ ነኝ። ጥሩ የዋንዛ ጣውላ ማግኘት ሲያቅተኝ፣ ከሦስት ክረምት በፊት ወልቂጤ አቅራቢያ አጎቴ ጋሽ ሽፈራው ማሳ ላይ የዋንዛ ችግኝ ተክዬ ነበር። አሁን ግን፣ "አላደጉም፤ ነቅዬ ባሕር ዛፍ ልተክል ነው" ብለው ደወሉልኝ። የምሄደው እንዳይነቅሏቸው ልለምናቸው ነው።

ሰበታንና ቱሉ ቦሎን አልፈን ወሊሶ ለቁርስ ቆምን። ፍርፍሩ ትኩስ ነበር። ከወሊሶ በኋላ መንገዱን ግራና ቀኝ እንሰት ሞላው፤ የሰኔ ዝናብም ጀመረን።

ስድስት ሰዓት ላይ ወልቂጤ ደርሼ በባጃጅ ወደ ሰፈራቸው ገባሁ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ቆጮ በአይብ አቀረቡልኝ። የባሕር ዛፉ ችግኝ አጥሩ ሥር ተደርድሯል።

"አጎቴ፣ መጀመሪያ አብረን እንያቸው።"

"ምኑን ነው የምታሳዪኝ? ዓምና ወገቤ ጋ እንኳ አልደረሱም!" አሉ ዶማቸውን እያነሡ። እግራቸውን ስለሚያማቸው ከወንዙ ማዶ ያለውን ማሳ ካዩ ዓመት አልፏቸዋል።

ቀስ ብለን ተሻገርን። በአንድ ቀን፣ በአንድ አፈር የተተከሉ ሦስት ረድፎች ናቸው፤ የሚለያዩት በዘራቸው አገር ብቻ ነው። ከወሎ ባመጣሁት ዘር የበቀሉት ትከሻዬ ጋ ደርሰዋል። ከአጎቴ ጓሮ ዛፍ የተለቀመው ከራሴ በላይ ነው። የጅማው ዘር ግን ሁለት እኔን ያህላል፤ ግንዱ ቀጥ ብሎ ወጥቷል! ሳላስበው እልል አልኩ።

አጎቴ ዶማውን መሬት አስቀምጠው አንዱን ግንድ በሁለት እጃቸው ያዙት።

"እነዚህ የየት አገር ዘር ናቸው?"

"የጅማ።"

"የእኔ ጓሮስ?"

"ያውና፣ ሁለተኛ ወጥቷል።"

"በገዛ አገሬ እንግዳ በለጠኝ በይኛ!" ብለው ከልባቸው ሳቁ። "ባሕር ዛፉን ለጎረቤት እሰጠዋለሁ። አንቺ ብቻ ይህን ዘር ጨምረሽ አምጪልኝ።"

እሑድ አመሻሽ ላይ ፒያሳ ስደርስ ጫማዬ ጭቃ፣ ፊቴ ፈገግታ ነበር። እንጨት ስገዛ መድረቁንና መጣመሙን ብቻ ነበር የማየው፤ እናት ዛፏ የት እንደበቀለች ጠይቄ አላውቅም። ዋንዛዎቹ ለበር ሲደርሱ ምናልባት መጋዝ የሚይዘው የሌላ አናጢ እጅ ይሆናል። ይሁን! ቀጥ ያለ እንጨት ያገኛል።