የእናቴ ጣት ስፋት

ዛሬ ለመነጽሬ ማኅደር ልሰፋ ቆዳ ስዘፈዝፍ፣ ሽታው አባቴን አመጣብኝ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። አባቴ ጎንደር ቄስ ነበር፤ ከቅዳሴ መልስ ቤት ቁጭ ብሎ የዳዊት ማኅደር ይሰፋል። የራሰውን ቆዳ በዳዊቱ ልክ በተጠረበ እንጨት ላይ አልብሶ በወስፌ ይበሳል። ቆዳው ሲደርቅ ስለሚጠብ፣ እናቴ ጣቷን ከእንጨቱ ጋር አብራ ከቆዳው ሥር ታስገባለታለች። ስፌቱ ሲያልቅ «አሁን ሸጋ ነው» ብላ ታወጣዋለች።

የእናቴ አርባ በወጣ ማግስት አባቴ አንድ ማኅደር ብቻውን ሰፋ። ሲደርቅ እንጨቱን በግድ አወጣና ዳዊቱን ሊያስገባ ሞከረ። እንቢ አለው። እንደገና ሞከረ።

«ምነው አባባ፣ ጠበበ?» አልኩት።

«ቆዳ ነው የሚጠብ» አለኝ፣ እሷ ትቀመጥበት የነበረውን መደብ እያየ። «ቤት ይሰፋል እንጂ።»

ያኔ ቤታችን የት ጋ እንደሰፋ ግራ ገብቶኝ ግድግዳውን ዞሬ አየሁ።

አሁን ልጆቼም ከቤቴ ወጥተው ሄደዋል። የግራ ጣቴን ከቆዳው ሥር አስገብቼ በቀኜ እሰፋለሁ። ክሩን የማጠብቀው በጥርሴ ነው።