የአማቴ ላንቃና የእኔ ነጭ ሽንኩርት

ይህ የሆነው የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በተፋፋመበት ወቅት፣ ቡራዩ ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ ነጭ ሽንኩርት በላጥኩ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል።

ባለቤቴ ለሥራ ሆለታ እንደሄደ መንገድ ተዘግቶ እዚያው ቀረ። ቤት የነበርነው እኔ፣ ልጆቼና የባለቤቴ አባት ኦቦ ገመቹ ነን። ሲመሽ ተኩስ ይሰማል። ድንገት ውጡ ብንባል ብዬ ሁሉንም «ተዘጋጅታችሁ ተኙ» አልኳቸው። ልጆቹንም ከነጫማቸው አስተኛኋቸው።

በዚያው ሰሞን አማቴ ምግብ መግፋት ጀመሩ። የላይኛው ጥርሳቸው ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ነው። ምራት ፊት ማውለቅ ነውር ስለሚሆንባቸው ባዶ አፋቸውን አይቼ አላውቅም። ስንት ለምኜ ቢያሳዩኝ ላንቃቸው በርበሬ መስሏል፤ እዚህም እዚያም ነጭ ነገር ወጥቶበታል።

ጎረቤታችን፣ ባለሱቋ እትዬ ዘይነብ፣ ለብ ባለ ውኃ ጨው በጥብጠው ይጉመጥመጡ አሉኝ። እኔ ግን መች ትንሽ ነገር ይበቃኛል! ጨው ብቻውን ምን ይሠራል ብዬ ነጭ ሽንኩርት ወቀጥኩ። ላንቃቸውን ቀብተው ጥርሱን ከላዩ እንዲገጥሙት አደረግሁ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አባባ፣ ካላቃጠለ አያድንም» አልኳቸው።

እሳቸውም እሺ። ምራታቸውን እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። እንዲህ እያልን ቀናት አለፉ፤ በመጨረሻ ወተት እንኳ መዋጥ አቃታቸው። የሰው አባት በእጄ ሊሞትብኝ ነው ብዬ ጭንቅ ያዘኝ።

መንገዱ ረገብ ሲል ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ያየቻቸው ነርስ ፈንገስ ነው አለች፤ ላንቃቸውን የላጠው ግን ሽንኩርቱ ነው ብላ ተቆጣችኝ። ቀጥላ ማታ ጥርሳቸውን ያወልቁ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ድሮ ያወልቁ እንደነበር፣ ከረብሻው ወዲህ ግን ሽንኩርቱን ለመቀባት ካልሆነ በቀር ቀንም ሌሊትም ከአፋቸው እንዳልወጣ ነገሯት። ፈንገሱን ያመጣው እሱ ሳይሆን አይቀርም አለች። ለምን እንደማያወልቁ ስትጠይቃቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ተዘጋጅታችሁ ተኙ ያልሽን አንቺ አይደለሽ፣ ኢንታላ ኮ? ሮጠን ብንወጣ፣ ሰው መሐል ያለ ጥርስ ቆሜ እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው» አሉኝ፣ በገዛ ቋንቋቸው ልጄ እያሉ።

የምገባበት ጠፋኝ። የልጆቹን ጫማ ሳስብ የሳቸውን ጥርስ በምን ልቤ ላስበው? በሽታውም ከቃሌ፣ ቃጠሎውም ከእጄ መጣ። ነርሷ በሰጠቻቸው መድኃኒት ድነዋል፤ አንድም ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የጥርሳቸውን ውኃ ማታ ማታ የማቀርበው እኔ ነኝ። ነውሩም ቀርቷል። ከማውለቃቸው በፊት ግን ሁልጊዜ «ዛሬ ሰላም ነው?» ይሉኛል። ሰላም ነው እላቸዋለሁ። እውነት ሰላም ይሁን አይሁን እኔ ምን አውቄ። እሳቸው ግን ዛሬም አምነውኝ ያወልቁታል።