በርስት የተለወጠ ዲግሪ

ወሰኔ አበጀን ከርስቱ ያስወጣው ጠብ ሳይሆን ደስታ ነበር። በ1963 ዓ.ም. ክረምት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ሲሰማ፣ አባቱ አያ አበጀ ጠላ አስጠመቁና ዘመድ ጠሩ። ቀየት አጠገብ ያለችው መንደራቸው ከዚያ በፊት ለዩኒቨርሲቲ ያበቃችው ሰው አልነበራትም።

መንዝ ውስጥ ልጅ በአባቱም በእናቱም ወገን ርስት ይቆጥራል፤ ድርሻ የሌለው ሰው ከሰው አይቆጠርም። አያ አበጀ ግን ያን ቀን በነፍስ አባታቸውና በሽማግሌዎች ፊት ተሰምቶ የማይታወቅ ነገር ተናገሩ። ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ተሽጦ ለወሰኔ መማሪያ ይሆናል። ታናሹ ዳኜ ከአራተኛ ክፍል ትምህርቱን ትቶ እርፍ ይጨብጣል። ወሰኔ በፋንታው ከመሬቱ ይወጣል። "ዲግሪም ርስት ነው" አሉ። "እንዲያውም አይታረስ፣ አይታረም፣ ውርጭ አይመታው። በየወሩ ይታጨዳል።" ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ። ወሰኔም እየሳቀ ድርሻዬን ወስጃለሁ፣ ከእንግዲህ በመሬቱ የለሁበትም ብሎ ማለ።

ይህን የነገረኝ መሐል ሜዳ አንድ ግቢ ተከራይተን ስንኖር ነው። እኔ አስተምራለሁ፣ እሱ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ይሠራል። ግድግዳችን አንድ ስለነበር ሳላችንን እንኳ እንጋራ ነበር። ጨዋታ ይወዳል፤ ወሬው ግን በየት በኩል ዞሮ እዚያች ድግስ ላይ እንደሚያርፍ ሳላውቀው ያርፋል።

ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ተማረ። አራተኛውን እንደ ጀመረ ዘመቻው መጣ፤ ተማሪው ወደየገጠሩ ተበተነ፣ ትምህርቱ ተዘጋ። እሱ አርሲ ዘምቶ ገበሬ ሲያደራጅ፣ ለሰው መሬት ሲያስለካ፣ ቀየት ላይ የእነሱም መሬት ይለካ ነበር። መሬት ለአራሹ ሆነ። ዳኜ አራሽ ነውና ደረሰው፤ ወሰኔን ያነሣው የለም። "ለሌላው ገመድ ስጎትት የራሴ ትዝ አላለኝም" ይለኝ ነበር። ትዝ ቢለውም ምሏል።

በ1969 ያቋረጠውን ዓመት ሊጨርስ ተመለሰ። ከተማው ግን ሌላ ሆኖ ጠበቀው። ጠዋት የወጣ ወጣት ማታ መግባቱ አይታወቅም። ወሬው መንዝ ሲደርስ አያ አበጀ በትራቸውን ይዘው በጭነት መኪና አዲስ አበባ ገቡ፤ ልጃቸውን ከመኝታው አስነሥተው ይዘውት ተመለሱ። የነፍስ አባታቸው ወንድም መርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ወዲያ ያለ ገዳም ነበሩና እዚያ ከረመ። ነፍሱ ተረፈች። ዲግሪው ግን አንድ ዓመት ሳይሞላው እዚያው ቀረ። አገር ሲረጋ ልመዝገብ ቢል፣ የት እንደ ነበርክ ከቀበሌህ ማስረጃ አምጣ አሉት። የት ነበርኩ ይበል?

አያ አበጀ ይህን አያውቁም። በእሳቸው ሐሳብ ትምህርቱ አራት ዓመት ነው፣ ልጃቸው አራተኛው ውስጥ ገብቶ ነበር፣ እንግዲያው ይዞታል። እንዲያርማቸው ስገፋፋው ወሰኔ አንገቱን ነቀነቀ። "ምን ልበላቸው? ሊያድኑኝ መጥተው ዲግሪዬን አስጣሉኝ ልበል? ያጎረሰኝን እጅ ልነክስ ነው?"

ስለዚህ በመንደሩ ባለ ዲግሪ ሆኖ ኖረ። በሰንበቴው ከሽማግሌ ተርታ ያስቀምጡታል። ለቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ሲዋጣ ከሁሉ በላይ ይጥሉበታል። እሱም ይከፍልና እስከ ወሩ መጨረሻ ከእኔ ሽሮ ይበደራል። "ባለ ዲግሪው መጣ" እያልኩ እቀልድበት ነበር፤ ይስቃል።

በመሥሪያ ቤቱ ሚዛኑ ሌላ ነው። ዲግሪ ያለው ከአምስት መቶ ብር ይጀምራል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ግማሹንም አያገኝም። ሦስት ዓመት ከዚያም በላይ ተምሮ ያቋረጠ፣ የዩኒቨርሲቲን አጥር ካላየ ጋር እኩል ነው። ኃላፊዎች እየመጡ አለፉ፣ እሱ እነሱን እየተቀበለና እየሸኘ ከዚያችው ጠረጴዛ አልተነሣም። በ1975 የመጣው አስፋው ይባላል፤ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቱ። ወሰኔ ሲገባ ከመቀመጫው ተነሥቶ ጋሽ ወሰኔ፣ እርስዎ እያለ ያነጋግረዋል። ወሰኔ አንድ ቀን "ክፉ ቢሆንልኝ ይሻለኝ ነበር፤ የማማው ሰው አጣሁ" አለኝ።

አስፋው የቀረችውን አንድ ዓመት ሲሰማ ዝም አላለም። ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አዲስ አበባ ድረስ እየተመላለሰ ለመነ። በሰኔ 1976 ተሳካ፤ ከመስከረም ጀምሮ የአንድ ዓመት የትምህርት ፈቃድ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተቀበለው። ፈቃዱ የሚሰጠው ለአንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነም አስጠነቀቀው። "ዲግሪውን ይዘው ይምጡ እንጂ ወንበሬን ለእርስዎ ለቅቄ እሄዳለሁ" አለው። ያን ክረምት ወሰኔ ሲራመድ እንኳ ተለየ። አሮጌ ደብተሮቹን ፀሐይ ላይ አሰጣ። ሠላሳን ያለፈ ሰው እንደ ልጅ ሲያፏጭ በግድግዳው በኩል እሰማው ነበር።

በጳጉሜን ጌታነሽ፣ የዳኜ ሚስት፣ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ አልገባም አለች። ዳኜን ከገበያ ለብሔራዊ ውትድርና ይዘውት ሄደዋል። የገበሬ ማኅበሩ ጦሙን ያደረ መሬት ለሌላ እሰጣለሁ ብሏል። አያ አበጀ እልህ ይዟቸው እርፍ ጨብጠው ነበር፣ ሁለት ትልም ሳይሄዱ ወደቁ። ለእኩል አራሽ እንዳይሰጥ፣ ሰው እንዳይቀጠር አዋጁ ከልክሏል። እሷ እንዳታርስ በአገሩ ሴት እርፍ አትጨብጥም።

"ታዲያ ምን ላድርግ፣ ጌታነሽ?" አላት።

"ይህን ያድርጉ ልል አልመጣሁም፣ ጋሼ። ዳኜ ሲወስዱት 'ለወንድሜ ንገሪው፣ ሌላ ቃል አትጨምሪበት' ስላለኝ ነው።"

ሌላ ቃልም አልጨመረችም። ከሄደች በኋላ ቅዳሜና እሑድ እየሄድክ እረስ፣ በአዘቦቱ ተማር አልኩት። ሳቀብኝ። አዲስ አበባ ምን ያህል እንደሚርቅ እንኳ ሳላስብ መናገሬ ነው፤ ደግሞስ በሰንበት በሬ ማን ይጠምዳል? መሥሪያ ቤት የሚያርፍበት ቀን መሬቱም የሚያርፍበት ነው። ደመወዝተኛ ለእርሻ የሚሆን ቀን የለውም። ወሰኔ በእጁ ያለው ቀን ያ የተሰጠው ዓመት ብቻ ነበር።

አስፋው መናኸሪያ ድረስ ሸኘው፤ አንገቱ ላይ የራሱን ሹራብ አደረገለት። ወሰኔ ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ ከአውቶቡሱ ወረደና በእግሩ ወደ ቀየት ዞረ። የትምህርቱን ፈቃድ ለእርሻ ማዋሉን ከጌታነሽና ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም። መሬቱን አንዴ ገልብጬ፣ ዘግይቼም ቢሆን እመዘገባለሁ ብሎኝ ነበር።

በታኅሣሥ ልጠይቀው ሄድኩ። አፈሩን እየከመረ ያቃጥላል፤ ደጋው ላይ ለበልግ ገብስ መሬቱን የሚያሰናዱት እንዲያ ነው። ሜዳው ሁሉ ይጨሳል። እጁን ስጨብጠው ቆዳው እንደ ጠፍር ሆኗል። አያ አበጀ ጥግ ተቀምጠው በኩራት ያዩታል። "ባለ ዲግሪን ዓመት ሙሉ ያሳርፉታል አሉ፤ እሱ ግን አላርፍ ብሎ ይኸው ከአፈር ይጫወታል" አሉኝ። ወሰኔን ወደ ጎን ወስጄ ምዝገባውስ ስለው ወደ ጭሱ እያየ "አለፈ" አለኝ።

የበልጉ ዝናብ አታሎ ጠፋ። ገብሱ ቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ቢጫ ሆነ። በግንቦት ከዳኜ ጋር የዘመተ አንድ የቀየት ሰው በምርኩዝ ተመለሰና ዳኜ ሰሜን ላይ መቅረቱን ተናገረ። መርዶው በማለዳ ተነገረ፤ ለቀስተኛው የሚቀምሰው ቆሎ ጠፍቶ ከመሐል ሜዳ ተሸክሜ ሄድኩ።

ወሰኔ በመስከረም ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመለሰ። አስፋው እንደ ልማዱ ተነሥቶ ሊጨብጠው እጁን ዘረጋ፣ ጨበጠው፣ ከዚያ መዳፉን ገልብጦ አየው። "ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሽ ወሰኔ?" አለ። ወሰኔ መዳፉን ሰብስቦ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። አስፋው ዳግመኛ ሊለምንለት ሞከረ፤ አንዴ ተሰጥቶ የባከነ ፈቃድ አይደገምም ተባለ። በዓመቱ አጋማሽ አስፋው ተዛወረ፣ ወንበሩም ላይ ሌላ ባለ ዲግሪ ተቀመጠ።

ያኔ ወሰኔ አንድ ሐሳብ ቀረው። የዳኜ መሬት ለሌላ ሊመደብ መሆኑን ሰምቷል። "ደመወዙን እተዋለሁ" አለኝ። "በወንድሜ ቦታ ገበሬ ሆኜ እመዘገባለሁ። ለጌታነሽም ለልጆቿም እኖርላቸዋለሁ።" አብሬው ሄድኩ።

የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ጥዶቹ ሥር ነበር። ሊቀመንበሩ ውባየሁ፣ አብሮት ፊደል የቆጠረ ሰው ነው። ወሰኔ የመጣበትን ጉዳይ ተናገረ፤ ከሕዝቡ ማጉረምረም ተነሣ።

"ስማ ወሰኔ" አለ ውባየሁ፣ በክፋት አልነበረም። "ደሃ ብትሆን ነገ እመዘግብህ ነበር። አንተ የዲግሪ ደመወዝ እየበላህ የድሃ መሬት ምን ያደርግልሃል? እዚህ ስምንት ልጅ ይዞ መሬት የሌለው አለ።"

ወሰኔ ቀና አለ። ከንፈሩ ሲከፈት አየሁ፤ ሊናገረው ነው ብዬ ጠበቅኩ። ዲግሪ የለኝም፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ ቢል ምናልባት ይመዘግቡት ይሆናል። ዓይኑ ግን አባቱ ላይ ዐረፈ። አያ አበጀ በትራቸውን ተደግፈው በመነሣት ላይ ነበሩ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ልመስክር" አሉ። "ልጄ የሚለው ለወንድሙ አዝኖ ነው። እኔ ግን ነገ ፈጣሪዬ ፊት እቆማለሁ። ይህ ልጅ ከዚህ መሬት ወጥቷል። ድርሻውን በዲግሪ ወስዷል፤ ሽማግሌ ተቀምጦበታል፣ ምሎበታል። ወሰደ፣ በላ። ሁለት ጊዜ አይካፈልም። ለጎደለበት ስጡት።"

እንዲህ ያለ እውነተኛ አባት የለም ብለው ሽማግሌዎቹ መረቋቸው። ወሰኔ ተቀመጠ። መሬቱ ስምንት ልጅ ላለው ሰው ተመደበ፤ ለጌታነሽ ቤቷና ጓሮዋ ቀረላት። እሷ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወሰኔን ብቻ ትመለከት ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ አያ አበጀ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ነበር። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ቆሙ፤ ጭው ያለውን ማሳ ወዲያ ማዶ ሲመለከቱ ቆዩ።

"ዳኜ ሄደ" አሉ። "መሬቱም ሄደ። እንግዲህ የቀረችን ያንተዋ ናት፣ ልጄ። እሷን ማንም አይወስዳትም።"

ወሰኔ የአባቱን ክንድ ያዝ አደረገ።

"አዎ፣ አባባ" አለ። "ማንም አይወስዳትም።"