ቃሬዛ እምቢ ያሉት ወይዘሮ ሥራነሽ

ወይዘሮ ሥራነሽ የወደቁት ከገዛ ቤታቸው ደጃፍ ነው። ጊዜው መጋቢት ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ የሁዳዴ ጾም መካከል ነበር። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ልጃቸው ፈንታ እንደ ሌሎቹ የአምበር አካባቢ ጎበዞች ጣሊያንን ሊወጋ ዱር ገብቶ፣ ቤት የቀሩት እሳቸውና የልጃቸው ሚስት ጥሩነሽ ብቻ ናቸው። የዚያን ዕለት እህል ሳይቀምሱ ውለው ከመደቡ ብድግ ሲሉ ዓይናቸው ጭልም አለ። የበሩን ደፍ ሲሻገሩ የቀሚሳቸው ጠርዝ ጠለፋቸውና በግራ ጎናቸው ድንጋይ ላይ ወደቁ።

ወጌሻው ታረቀኝ መጥቶ የተሰበረ ክንዳቸውን በቀርከሃ ስንጥር አሰረና ጠየቃቸው።

«ሲወድቁ ይህ ስንተኛዎ ነው?»

«መጀመሪያዬ።»

«ለኔ እንኳ እውነቱን ይንገሩኝ እንጂ።»

«ሦስተኛዬ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጥሩነሽ ደነገጠች፤ የቀድሞዎቹን ሁለቱን ፈጽሞ አልሰማችም።

«ዓይንዎስ?»

«ግራውን ሞራ ጋርዶታል። ደፉ ከመሬቱ አይለይልኝም።»

«ክንዱስ ይገጥማል። እኔ የምፈራው በዚያው ተኝተው መቅረትዎን ነው። ሕመሙ በረድ ሲል ይራመዱ። ሲነሡ ግን መጀመሪያ ጥቂት ይቀመጡ።»

እሳቸው ግን ፈሩና ተኙ። ጥሩነሽም «እኔ እያለሁ ምን ያስነሣዎታል?» እያለች ሁሉን ካሉበት ታቀርብላቸው ጀመር።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ወታደር መጣ ተባለና መንደርተኛው ከገደሉ ሥር ወዳለው ዋሻ ሸሸ። ወይዘሮ ሥራነሽን አራት ሰዎች በቃሬዛ አወረዷቸው። ከአራቱ አንዱ ጎረቤታቸው ወልደ ሰንበት ነበር። እሱ ቃሬዛ ሲሸከም ከብቱን የሚያሸሽለት ጠፍቶ፣ ወታደሮቹ ሁለቱንም በሬዎቹን ነዱበት። ነገሩን ለወይዘሮ ሥራነሽ የነገረቻቸው ጥሩነሽ ናት።

እሳቸውም «ከእንግዲህ ቃሬዛ ላይ አልወጣም» አሉ።

«ወታደሮቹ ቢመጡስ?»

«በእግሬ እወርዳለሁ።»

«ቢወድቁስ፣ እሜቴ?»

«ተኝቼስ ምን አተረፍሁ?»

በዚያው ቀን ቀሚሳቸውን ከቁርጭምጭሚት በላይ አሳጠሩት። ጥሩነሽ ደፉን በነጭ አፈር ለቀለቀችው። የነፍስ አባታቸውም ማለዳ በሶ እንዲቀምሱ ፈቀዱላቸው። መጀመሪያ ከመደቡ እስከ ምሰሶው ሄዱ፤ ላብ አጠመቃቸው። ሰንበት ብለው እስከ አጥሩ፣ ከዚያም ዱላ ይዘው እስከ አውድማው ደረሱ። አንድ ቀን ጉልበታቸው ከድቷቸው አውድማው ላይ ተቀመጡ። ጥሩነሽ እየሮጠች መጣች።

«አትንኪኝ! እንዴት እንደምነሣ ልየው።»

ተንበርክከው፣ በደህናው እጃቸው መሬቱን ተደግፈው፣ አንድ እግራቸውን አስቀድመው ተነሡ። ይህንኑ በየቀኑ ይለማመዱት ጀመር።

ከዚያ ወልደ ሰንበትን አስጠርተው «የገደሉን መንገድ እርከን አውጡለት፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም በራሱ ይውረድ» አሉት። ሰው ሲቆፍር እሳቸው አፋፉ ላይ ተቀምጠው «ይኼ ከፍ አለ፣ ለእግሬ አይመችም» እያሉ ያስተካክሉ ነበር።

ግንቦት ላይ፣ ረፋዱን፣ ወታደሮቹ ተመለሱ። ወይዘሮ ሥራነሽ ዱላቸውን ይዘው፣ ጎናቸውን ለገደሉ ሰጥተው፣ እርከን በእርከን ወረዱ። ወልደ ሰንበት የቀሩትን ጥጆች እየነዳ ደረሰባቸው።

«ልያዝዎት?»

«ጥጃህን ያዝ!»

የታችኛውን ቁልቁለት ዝናብ አሟልጦት ነበር። እዚያ ሲደርሱ እፍረቱን ትተው በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ወረዱ። ዋሻው ሲገቡ ጭቃ በጭቃ ሆነው ነበር፤ ጥሩነሽ እያለቀሰች ሳቀች።

የዚያን ቀን መንደሩ ተቃጠለ። ወታደሮቹ መሄዳቸው ከታወቀ በኋላ ወይዘሮ ሥራነሽ በየእርከኑ እያረፉ ወደ ላይ ወጡ። ከቤታቸው የቀረው የጎተራው ጎን ብቻ ነበር። አመዱን በዱላቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ጥሩነሽ፣ ቁና አምጪ» ብለው፣ እሳት ያልነካውን ስንዴ ለዘር ይለቅሙ ጀመር።