በጥልቀት ያፈቅሩ ነበር

ባለፈው ሳምንት በዕድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «በጥልቀት አዝነናል» የሚል መልእክት አየሁ። የጻፈው ጎረምሳ ሟቹን በመልክም አያውቃቸውም። ልስቅ ስል ፊቴ ጋለ። በዚህ ቃል መሳቅ የማይገባው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ልደታ፣ የቀበሌያችን የወጣቶች ውይይት ክበብ ጸሐፊ ነበርኩ። እዚያ ሁሉም ነገር በጥልቀት ነበር የሚደረገው። በጥልቀት እንወያያለን፣ በጥልቀት እንገመግማለን፤ ስንወጣ የተባለውን የሚያስታውስ አልነበረም። እኔ ግን ቃሉን እንደ ክት ልብስ ነበር የማየው።

አንድ ክረምት ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ ሞቱ። አብነት ሰፈር ጎማ እየጠገኑ የኖሩ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። በቀብራቸው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ሚስታቸው እትዬ ዘነበች አስጠሩኝ። የተወለዱበትን አገር፣ ወደ አዲስ አበባ የመጡበትን ዘመን ነገሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የጎማው ጥቁረት እጁን አይለቀው፤ ሁለቴ በሳሙና ታጥቦ ነው ማዕድ የሚቀርበው። የመጀመሪያዋን ጉርሻ እኔን ሳያጎርስ ቀምሶ አያውቅም፣ ተኳርፈን እንኳ። ሌላውን ብትተወው ግድ የለኝም፤ ይችን ሰው ይስማልኝ።»

እሺ አልኩ። ቤት ገብቼ ስጽፍ ግን ሳሙናና ጉርሻ በሰው ፊት የሚነበብ አልመሰለኝም። ሰረዝኩትና «ባለቤታቸውን በጥልቀት ያፈቅሩ ነበር» ብዬ ተካሁት። ኮራሁበትም።

ልደታ ቤተ ክርስቲያን ጭቃው ላይ ቆሜ፣ የዕድሩ ዳኛ ጃንጥላ ይዘውልኝ አነበብኩ። ሽማግሌዎቹ ልክ እንደ ሬዲዮ ነው ያነበበው ብለው መረቁኝ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ዘግኜ ተቀምጬ ሳለ እትዬ ዘነበች በእጃቸው ጠቀሱኝ። አጠገባቸው በርከክ አልኩ።

«ልጄ፣ ጉርሻዋን ሳልሰማት አለፈችኝ ወይስ አላነበብካትም?»

«በጥልቀት ያፈቅሩ ነበር ብያለሁ፣ እትዬ።»

«እሱማ ለማንም ይባላል» አሉና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዛሬ የጋሽ ተሰማን ዕድሜ አልፌያለሁ። ቃሉ በራሱ ክፉ አይደለም፤ በጥልቀት የሚጠና፣ በጥልቀት የሚታሰብበት ነገር ሞልቷል። እኔ ግን የአንድን ሰው ፍቅር ያህል ነገር እጄ ላይ አስቀምጠውልኝ፣ በዚህ ቃል ሸፍኜ ቀበርኩት። ኋላ እትዬ ዘነበችን ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ «ተወው ልጄ» ብለውኛል። እንዴት እንደምተወው ግን አላውቅም። የሰው የሕይወት ታሪክ በቀብሩ ላይ የሚነበበው አንዴ ነው፤ ተሳስቻለሁና ልድገመው አይባልም።